ከዲንቂ ጋር የኖርኩት አሥራ አንድ ቀን

ዛሬ ጠዋት ሁለት ልጃገረዶች የጓሮውን ክፍል ሊያዩ መጡ። ነቀምቴ ውስጥ ትንሽ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ ጓሮው ላይ አንድ ሁለት ክፍል ሠርቶ ለተማሪ ያከራያል፤ እኔም እንደ ሰው ሠርቻለሁ። ባጃጁ ጭቃውን ፈርቶ መንገዱ አፍ ላይ ስላወረዳቸው ጫማቸው በቀይ አፈር ተለውሶ ነበር የገቡት። አንዷ ሻርፕ ተከናንባለች፣ ሌላዋ ሹሩባ ተሠርታለች። የጤና ተማሪዎች ነን አሉኝ። ክፍሉን በእርምጃ ለኩ፣ መስኮቱን ከፍተው ዘጉ፣ የማን አልጋ በየት በኩል እንደሚሆን ተከራከሩ። በመጨረሻ ሻርፕ የተከናነበችው ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "እትዬ፣ ማድቤቱ የጋራ ነው?" ስትል ጠየቀችኝ።

"የጋራ ነው" አልኳት።

ተያዩ። "እንግዲህ ተነጋግረን እንደውልልዎታለን" ብለው ወጡ። ከአጥሩ ውጭ ቆመው ሲንሾካሾኩ ይሰማኝ ነበር፤ ቃሉን ግን አልያዝኩትም። መያዝም አላስፈለገኝም፤ ምን እንደሚባባሉ ከእነሱ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። እነሱ ከሄዱ በኋላ ባዶው ክፍል ደፍ ላይ ተቀምጬ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ስለ ዲንቂ አሰብኩ። ስለ እሷ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴም፣ ለልጆቼም አልነገርኩም።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ነው። ነርስነት ልማር ከሰፈራ መንደራችን ወደ ነቀምቴ መጣሁ። ወላጆቼ በድርቁ ዘመን ከወሎ ተጭነው የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ እኔም በሰባት ዓመቴ አብሬያቸው ተጭኛለሁ። መንደራችን ስም አልነበረውም፣ ቁጥር ነበረው፤ መንደር አራት። ከመንደር አራት ለነርስነት የተመረጥኩት የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ስለነበርኩ ስሸኝ ግማሹ ሰው አለቀሰ፣ ግማሹ ደግሞ ሐኪም ሆኜ የተመለስኩ ያህል በሽታውን ይነግረኝ ጀመር።

ማሠልጠኛው ማደሪያ ስላልነበረው ሁሉም እንደየአቅሙ መጠጊያ ይፈልጋል። እኔ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ፣ ገበያው ዳር ጨርቅ የሚነግዱ አጎቴ ቤት አረፍኩ። አጎት ስል የአባቴ የአክስት ልጅ ባል ማለቴ ነው፤ ከሰው አገር ሲሆኑ ዝምድና እንዲህ ይለጠጣል። ደግ ሰው ነበሩ፣ ደግ በመሆናቸው ግን ቤታቸው እንግዳ አይጠፋበትም። ከትምህርት ስመለስ የሚጠብቀኝ የሳህን ክምር ነው። የአጥንቶችን ስም በቃሌ የያዝኩት ድስት እየፈተግሁ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ በቃሌ የያዝኩትም ከግማሽ አያልፍም ነበር።

ዲንቂ የአርጆ ልጅ ናት። አባቷ ሞተዋል፣ ያሏት እናቷ ብቻ ናቸው፤ እሷም እናቷም በጸሎት ቤት ያደጉ የወንጌል አማኞች ነበሩ። በተግባር ትምህርት ሁለት ሁለት ሆነን ስንመደብ እሷ ለእኔ ደረሰችኝ። መርፌ መውጋት መጀመሪያ በብርቱካን፣ ቀጥሎ አንዳችን በሌላችን ክንድ ነበር የምንለማመደው። እኔ ስወጋት ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ትነክሳለች። እሷ ስትወጋኝ ግን መርፌው መግባቱን የማውቀው "ጨረስኩ" ስትለኝ ነው። አስተማሪያችን፣ ምስጋና የማይወጣቸው ሰውዬ፣ አንድ ቀን እጇን ይዘው ለክፍሉ አሳይተው፣ "ይቺ እጅ ቤት እንዳትቀር" አሉ። እኔ ቀናሁባት። ቅናቱን ያን ጊዜ ለራሴ እንኳ አላመንኩም ነበር።

ዲንቂ ባኬ ጃማ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ከአክስቷ ልጅ ጋር ትኖር ነበር። የአክስቷ ልጅ በጥቅምት አግብታ ወደ ጊምቢ ሄደች። አከራይዋ አዴ ብርቄ ደግሞ በአንድ ነገር አይታሙም፤ ብቻዋን የምትኖር ሴት ግቢያቸው ውስጥ አያኖሩም። "ወሬ ያመጣብኛል። ሁለተኛ ሴት ፈልጊ፣ ካጣሽ ቁልፌን መልሺ" አሏት። የዲንቂ እናትም ቢሆኑ ልጃቸው በማያውቁት ከተማ ብቻዋን ከምትኖር ትምህርቱ ቢቀር ይመርጡ ነበር። ትምህርት ከተጀመረ ስለሰነበተ ደግሞ የክፍላችን ሴቶች ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆነው መጠጊያቸውን ይዘዋል። የቀረሁት እኔ ነበርኩ።

የመጨረሻውን እሸት በቆሎ መንገድ ዳር ቆመን ስንበላ ነው የጠየቀችኝ።

"ዘይነባ፣ ደባል ብትሆኚኝ ምን ይመስልሻል?"

"ባኬ ጃማ?"

"እዚያው። መስኮት አለው፣ መብራት አለው። ሳህን የሚያሳጥብሽ እንግዳ የለውም" ብላ ሳቀች።

"ላስብበት" አልኳት።

"አስቢበት። ፍጠኚ እንጂ፣ ኦቦሌቲ ኮ። አዴ ብርቄ የሰጡኝ ሁለት እሁድ ነው። ካላገኘሁ ወደ አርጆ መመለሴ ነው።"

"ኦቦሌቲ" ስትል እህቴ ማለቷ ነበር። ነገሩ እንግዲህ ግልጽ ነው። እኔ እንቢ ብል የማጣው መስኮትና መብራት ነው፤ እሷ የምታጣው ግን ትምህርቷን ነው። ይህን እያወቅሁ ስምንት ቀን ሙሉ አሰብኩ። ስለ ምን እንዳሰብኩ አገሩን ለሚያውቅ አይጠፋውም። ስለ ድስት ነው። እሷ ክርስቲያን ያረደውን ትበላለች፣ እኔ አልበላም። ሥጋዋ የነካው ድስት፣ ማማሰያ፣ ቢላዋ ለእኔ አይሆነኝም። በአንድ ክፍል፣ በአንድ ምድጃ ላይ ይህ እንዴት ይሆናል? ቅዳሜ ስትደርስ በአውቶቡስም በእግሬም አድርጌ ወላጆቼን ልጠይቅ ወደ መንደር አራት ሄድኩ።

እናቴ ነገሬን እስክጨርስ አልጠበቀችኝም። "አንች ልጅ፣ ወንድምሽን እንዴት አድርጌ እንደቀበርኩት ረሳሽው?" አለችኝ።

አልረሳሁትም። ወሎ ሳለን፣ መጠለያ ውስጥ፣ አንድ ቀን የታሸገ ሥጋ ታደለ። ቆርቆሮው ሲከፈት የወጣው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። እናቴ ማን እንዳረደው የማይታወቅ ሥጋ ልጆቼ አይበሉም ብላ ድርሻችንን ለጎረቤት ሰጠች። ታናሽ ወንድሜ አሊ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ከሳምንት በኋላ፣ ለሰፈራ የሚጭነን መኪና ሳይመጣ፣ አሊ ሞተ። ያን ሥጋ ቢበላም ይሞት ነበር ይሆናል፤ እንደዚያ የሞተ ብዙ ልጅ ነበር። እናቴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የተጽናናችው "ንጹሑን ቀበርኩት" እያለች ነው። እንዲህ ላለች እናት ስለ ድስት ምን ይባላታል? ቤት፣ በሬ፣ መሬት፣ ልጅ ጥላ ስትመጣ ያልጣለችው ይህን ብቻ ነው።

አባቴ እስከ አስፋልቱ ሲሸኘኝ፣ "ልጅቱ ክፉ ናት?" አለኝ።

"ኧረ ወላሂ ክፉ አይደለችም።"

"እንግዲያ ሥጋ ቤታችሁ አይግባ በላት። በሽሮና በጎመን ማን ተጣልቶ ያውቃል? ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ።"

ሰኞ ለዲንቂ ነገርኳት፤ ሥጋ ክፍሉ ውስጥ አይገባም፣ ድስቴንም የራሴን አመጣለሁ። ከት ብላ ሳቀችብኝ። "እኛ ቤትስ ሥጋ መቼ ይገባል? ለገናና ለፋሲካ ነው! እሺ፣ ለእናቴ እጽፍላታለሁ፣ እንዳትረሳ" አለችኝ። ተጨባበጥን።

ክፍሏ ጠባብ ነበረች። ግድግዳው ላይ አንድ ረጅም ሳንቃ በችንካር ተመትቶ እንደ መደርደሪያ ያገለግላል። የገባሁ ዕለት ሳንቃውን መሃል ለመሃል በጠመኔ አሰመርኩት፤ በስተቀኝ የሷ፣ በስተግራ የእኔ። ዲንቂ መስመሩን አይታ ዕቃዋን ወደ ቀኝ ገፋ ገፋ አደረገች። ከዚያ በኋላ ግን እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! አንጮቴ የሚሉትን የወለጋ ሥራ ሥር ቀቅለን በሚጥሚጣ እንበላለን፣ እናቷ ከአርጆ በአውቶቡስ የሚልኩትን ጩኮ፣ ያን በቅቤ የራሰ የገብስ ዱቄት፣ በማንኪያ እየቆረስን እናጠናለን። እሷ ከመብላቷ በፊት ዓይኗን ጨፍና ስትጸልይ እኔ እጠብቃታለሁ፤ እኔ ስሰግድ እሷ ራዲዮኑን ትዘጋለች። የአናቶሚ ፈተና ደርሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ከክፍሉ አምስተኛ ወጣሁ። እሷ አንደኛ ነበረች። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከመንደር አራት ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ከሁሉ ይልቅ ይህን መጻፍ ነው የሚከብደኝ።

በአሥረኛው ቀን፣ ዓርብ፣ አጎቴ ቤት ሄጄ እዚያው አደርኩ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስመለስ ዲንቂ ለልምምድ ሆስፒታል ነበረች። ድስቴን ላነሳ ወደ ሳንቃው ስሄድ አንድ የማላውቀው ነጭ የፕላስቲክ ባልዲ አየሁ። የተቀመጠው ከጠመኔው መስመር በስተግራ፣ ከድስቴ ጎን ነው። ጩኮ መስሎኝ ከፈትኩት። ቋንጣ ነበር። በቅቤና በበርበሬ ተነክሮ በደንብ የደረቀ፣ እስከ አፉ የሞላ ቋንጣ።

ሽታው ሲመታኝ የታየኝ ያ ቆርቆሮ ነው። ከዚያ በኋላ ያሰብኩትን ሁሉ አስታውሳለሁ፣ ምክንያቱም አንዱም ትክክል አልነበረም። ሥጋ አይግባ ብለን ተጨባብጠን ሥጋ አስገባች አልኩ። በዚያ ላይ በእኔ በኩል፣ ከድስቴ አጠገብ ያስቀመጠችው ልትፈትነኝ ነው አልኩ። የተራበ የሰፋሪ ልጅ ሥጋ ሲያይ እንዴት እንደሚሆን አይታ ለጸሎት ቤት ጓደኞቿ ልታወራ ነው አልኩ። ሦስቱን ቀሚሴን ጠቅልዬ፣ ድስቴን በነጠላ አስሬ ስወጣ፣ ዲንቂ በነጭ የልምምድ ልብሷ ከበሩ ስትገባ ተገጣጠምን። አዴ ብርቄና ሌሎቹ ተከራዮች ግቢው ውስጥ ልብስ ያጥቡ ነበር።

"ወዴት ነው?" አለችኝ።

"ወደ ቤቴ። በእኔ በኩል ያስቀመጥሽውን አይቼዋለሁ።"

ፊቷ በራ። ይህን በሕልሜ ሁሉ አየዋለሁ፤ ፊቷ በራ። "አየሽው? እናቴ እኮ ላንቺ ብላ..."

አላስጨረስኳትም። "እናትሽ ለእኔ ሐራም የምትልከው ምን አድርጌያት ነው? እነዚህ ረሃብተኞች ሥጋ ካዩ ሃይማኖታቸውን ይጥላሉ ብላ ነው?" አልኩ፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

የልብስ አጣቢዎቹ እጅ ቆመ። ዲንቂ፣ "እኔን ያልሽውን በይ። እናቴን ግን ተያት" አለችና ከበሩ ዘወር ብላ አሳለፈችኝ። እንድትለምነኝ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ከነካኋት በኋላ የምታስረዳ ሰው አልነበረችም፤ እናቷን ተሰድባ ሳለ የእናቷን ደግነት ቆማ ልታስቆጥር አልወደደችም።

በዚህ ብቻ ባበቃ። ሰኞ ክፍል ውስጥ ለሁለት ሦስት ልጆች ነገሩን በራሴ መንገድ አወራሁት። "ጎሽ፣ ደግ አደረግሽ" አሉኝ። ወሬው እስከ ረቡዕ ክፍሉን አዳረሰው፤ ዲንቂ ደባሏን ተደብቃ ሐራም ልታበላ ነበር ተባለ። እሷ ሌላ ደባል ስትፈልግ ማን እሺ ይበላት? ሙስሊሞቹ ፈሯት፣ ክርስቲያኖቹም ነገር ያለባት መሰላቸው። አዴ ብርቄ በድጋሚ ሁለት እሁድ ሰጧት። እኔ አጎቴ ቤት ሳህኔን እያጠብኩ እውነት ከእኔ ጋር ናት ብዬ ተኛሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ቀን፣ ከአርጆ ጨርቅ ሊጭኑ የመጡ ኦቦ ከማል የሚባሉ ሙስሊም ነጋዴ አጎቴ ቤት ምሳ ላይ ቀረቡ። ውሃ ሳስታጥባቸው ቀና ብለው አዩኝ።

"አንቺ ነሽ ያቺ የሰፈራዋ ልጅ? ከዲንቂ ጋር የምትኖሪው?"

"አዎ" አልኩ። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። አጎቴ ቀና ብለው አዩኝ።

"ቋንጣው እንዴት ነው ታዲያ? ወደድሽው?" አሉና እየሳቁ ወደ አጎቴ ዞሩ። "የዚህችን የደባሏን እናት ብታያት ጉድ ትላለህ፣ ሰይድ! ደጃፌ ድረስ መጥታ፣ 'ኦቦ ከማል፣ የልጄ ደባል እስላም ናት። ልጆቹ ያለ ሥጋ እያጠኑ አንጎላቸው ሊደርቅ ነው። በጌን በእናንተ ሥርዓት እረድልኝ' አለችኝ። የራሴን ቢላዋ ይዤ ሄድኩ። አጠገቤ ቆማ፣ 'ቢስሚላሁን ጮክ ብለህ በልልኝ፤ ልጅቱ ብትጠይቀኝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ እላታለሁ' አትለኝም! ቋንጣውንም 'የእኔ ቤት ዕቃ ይነካካዋል' ስላለች የዘለዘለችውም የሰቀለችውም ሚስቴ ናት። የጸሎት ቤቷ ሰዎች ለልጅሽ የእስላም ሥጋ አበላሽ ብለው ሲቆጧት ነው የሰነበቱት። እሷ ግን ሰምታም አልሰማች።" እጃቸውን እያደረቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። "በጓም ያቺው አንዷ ነበረች።"

ማስታጠቢያው ከእጄ አልወደቀም። ይዤው ወደ ጓዳ ገባሁና ውሃውን ደፍቼ ቆምኩ። ባልዲው በእኔ በኩል የተቀመጠው የእኔ ስለነበረ ነው። አጎቴ ኦቦ ከማልን ሸኝተው ሲመለሱ በጓዳው በር ቆም ብለው አዩኝና ወደ ሱቃቸው ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ጊዜም ቢሆን ጊዜ ነበረኝ። ዓርብ ክፍል ውስጥ ዲንቂ ከፊቴ ሦስት ወንበር ርቃ ተቀምጣ ነበር። ከትምህርት በኋላ አናግራታለሁ አልኩ፤ ደወሉ ሲደወል ደብተሬን እያገላበጥኩ እስክትወጣ ጠበቅሁ። ቅዳሜ ባኬ ጃማ ድረስ ሄድኩ። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ የአዴ ብርቄን ድምፅ ሰማሁ። በሰው ፊት ስለሰደብኳት ይቅርታውንም በሰው ፊት መጠየቅ ነበረብኝ። እግሬ እንቢ አለኝ ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ እግሬ ምንም አልሆነም ነበር፣ የፈራሁት እኔ ነኝ። ሰኞ በደንብ አድርጌ እነግራታለሁ ብዬ ተመለስኩ።

ሰኞ ወንበሯ ባዶ ነበር። ሮጬ ወደ አዴ ብርቄ ሄድኩ። "ትናንት ከጸሎት መልስ ሄደች" አሉኝ፣ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ። "ቤቱን ጠርጋ፣ ቁልፌን በእጄ ሰጥታ ነው የሄደችው። አንቺ ደግሞ ምን ረስተሽ መጣሽ?"

ዲንቂ አልተመለሰችም። በዓመቱ አርጆ ውስጥ አገባች ሲባል ሰማሁ። እኔ ተመረቅሁ፣ መንደር አራትም በግ አረደልኝ። አርጆ ሩቅ አገር አይደለም፤ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ለክትባት ዘመቻ ሁለት ጊዜ አርጆ ተመድቤ ሁለቱንም ጊዜ ከሌላ ነርስ ጋር ተለዋወጥኩ። ምክንያቴን ሲጠይቁኝ ልጄ ታሞ ነው አልኩ።

ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ግን እሷ ራሷ እኔ ወደምሠራበት ክፍል ገባች። ያረጁ እናቷን ደግፋ ነበር። ሁለታችንም ወዲያው ተዋወቅን። ወፍራለች፣ እጇ በሥራ ሻክሯል፤ ዓይኗ ያው ነው። "እንደምን ዋልሽ፣ ሲስተር" አለችኝ። በዚህ ሙያ ሁሉም ሰው ሲስተር ይለናል፤ ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን አንገቴን ደፋሁ።

ለእናቷ ግሉኮስ መሰካት ነበረብኝ። ደም ሥራቸው ጠፋኝ። አንድ ጊዜ ወግቼ ሳትኩ፣ ሁለተኛም ሳትኩ፤ አሮጊቷ ሳያቃስቱ ጥርሳቸውን ነከሱ። ዲንቂ የእናቷን ክንድ በቀስታ ከእጄ ወሰደች፣ በሁለት ጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ ከክርናቸው ዝቅ ብላ አንድ ቦታ ያዘች። "እዚህ ጋ ሞክሪ፣ ሲስተር" አለችኝ። ጣቷ ያመለከተበት ላይ ወጋሁ፣ ደሙ ወዲያው ታየ።

አሮጊቷ በኦሮምኛ፣ "ታውቂያታለሽ እንዴ?" ብለው ልጃቸውን ጠየቋት። እኔ ኦሮምኛ እንደምሰማ አላወቁም።

"አብራኝ ትማር ነበር።"

"ያቺ አብራሽ የኖረችው ናት? ሥጋ የላክሁላት?"

ዲንቂ ወደ እኔ አላየችም። የእናቷን ጋቢ እያስተካከለች፣ "አይደለችም፣ ሃርሜ። ያቺ ሌላ ናት" አለች።

ለማን ብላ እንደዋሸች አላውቅም። እኔን ከኀፍረት ልታድን ይሁን፣ እናቷን፣ አንዲት በጋቸውን ያሳረዱላት ልጅ ሁለት ጊዜ በመርፌ እንደሳተቻቸው ከማወቅ ልታድን ይሁን፣ ጠይቄ አልተረዳሁም። "አዎ፣ እኔ ነኝ እማማ" ለማለት የሚያስፈልገኝ ሦስት አራት ቃል ነበር። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም አውቀዋለሁ። በሽተኛ ይጠብቀኛል ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ተራዬ ስላልነበረ አልገባሁም፤ ከዚያ በኋላ ስመጣ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል።

ልጃገረዶቹ እስካሁን አልደወሉም። ቢደውሉ አንድ ምክር ልሰጣቸው ይገባ ይሆናል፤ ምድጃ ላይ ስላለ ድስት ከሰው ሁሉ ይልቅ የማውቀው እኔ ነኝ። ግን በምን አፌ? እናቴን አልወቅስም፤ እሷ የቀራትን አንድ ነገር ነው የጠበቀችው። አባቴም መፍትሔ ሰጥቶኝ ነበር፣ የማላውቃት ሴትዮ ደግሞ ከአባቴ የተሻለ ሰጠችኝ። ቋንጣውን ማን አረደው ብዬ አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ያቃተኝ እኔ ነኝ። ሰው ነቀምቴ ላይ ሲያመሰግነኝ፣ እጅሽ ይባረክ ሲለኝ፣ አንገቴን ነቅንቄ አልፋለሁ። በዚህ ከተማ አንዲት ነርስ ጎድላለች። የጎደለችው የተሻለችው ናት፤ እኔ ደግሞ ጡረታዬን መቁጠር ጀምሬያለሁ።